የመሃሉ እግር

ባለፈው ቅዳሜ ከቤቴ ጀርባ ያለው ጎረቤቴ አጥሩን ሊያድስ የባሕር ዛፍ ቋሚ አስጭኖ መጣ። ዲላ ውስጥ ምስጥ እንደማይምር ታውቂያለሽ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ እሳት አንድደው መሬት የሚገባውን የቋሚዎቹን ጫፍ እያገላበጡ ይለበልቡ ጀመር። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነበር። ጭሱ አጥሩን ተሻግሮ መጣ፤ እርጥብ እንጨት ከላዩ ሲከስል ያለው ያ መራራም ጣፋጭም የሆነ ሽታ። ሳፋውን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቼ አመመሽ ወይ አሉኝ። አላመመኝም። ለትንሽ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ፣ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ወንዝ ዳር እሳት እየቆሰቆስኩ ነበር። አባቴም በሕይወት ነበር።

ያደግኩት ከይርጋጨፌ ወደ አሪቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። ወንዙ ትልቅ የሚባል አይደለም። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥሽ ትሻገሪዋለሽ። ዝናብ ሲገባ ግን ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ እያጓራ ይወርዳል። በእኛ በኩል ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቡና ማጠቢያው፣ ጸሎት ቤቱና የመቃብር ቦታው አለ። በወዲያኛው በኩል የእናቴ ወገኖች፣ እንሰታቸውና ቡናቸው። ሰዉ ሁለት ግንድ ጎን ለጎን ይጥልና ድልድይ ይለዋል፤ ወንዙ ደግሞ በየዓመቱ ይወስደዋል።

አባቴ አናጢ ነበር። ገና ጎረምሳ ሳለ ከጎጃም ወጥቶ፣ ብዙ አገር ሠርቶ፣ በመጨረሻ የቡና ማጠቢያውን የማድረቂያ አልጋዎች ሊሠራ መጣና እዚያው ቀረ። የቀረው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ጌዴኦ ናት፤ ቤተሰቧ ጴንጤ፣ እሱ ደግሞ በየነገሩ ማርያምን የሚል ኦርቶዶክስ። ታላቅ ወንድሟ፣ ማለትም አጎቴ፣ "ዘሩ ለማይታወቅ፣ ጸሎቱ ከጸሎታችን ለማይገጥም ሰው እህቴን አልሰጥም" አለ። እሷ ወንዙን ተሻግራ መጣች። አያቴ ውላ አድራ ይቅር አለቻት፤ አጎቴ ግን ከአባቴ ጋር ቃል ላይለዋወጥ ቆረጠ። አባቴም "ያልተጠራሁበት ደጅ አልረግጥም" ብሎ አንድም ቀን ወደ ማዶ አልሄደም። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ሳልወለድ ነው። ዝምታው ስወለድ ቤት ውስጥ የነበረ ዕቃ ያህል ሆኖብኝ ስለነበር፣ ለምን ብዬ እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

አጎቴ ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ማዶ ስሄድ ከሩቅ አይቶኝ "የእህቴ ልጅ መጣች" ይላል፤ ሳልበላ አይለቀኝም። የአባቴ ነገር ሲነሳ ብቻ ፊቱን አዙሮ የእንሰቱን ቅጠል ማየት ይጀምራል።

አሁን የምነግርሽ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት በነበረው ክረምት አያቴ አልጋ ላይ ዋለች። ሁለቱን ግንዶች ውሃ ወስዷቸው ነበር። ዞሮ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ጭቃውም አያስኬድም። እናቴ በየጠዋቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወንዙ ዳር ትወርዳለች። አጎቴ ከወዲያ ይወጣል። ውሃው ስለሚጮህ ረጅም ወሬ አይቻልም።

"አደረች?"

"አድራለች!"

"በላች?"

አጎቴ ጣቶቹን ሰብሰብ አድርጎ ያሳያታል፤ ትንሽ ማለቱ ነው። በቃ፣ የእናትና የልጅ መጠያየቅ ይኸው ነበር። አባቴ ከኋላዋ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ ያያታል። አንድ ጠዋት እንደዚያ ስትጮህ ቆይታ ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። አባቴ ካፖርቱን አውልቆ አለበሳትና፣ "የሚመጣው ዝናብ ድልድይ ሳይኖርሽ አያገኝሽም" አላት።

አያቴ ዳነች፤ ማለት ተነስታ ደጅ መቀመጥ ቻለች። አባቴ ግን ያለውን አልረሳም። ጥር ላይ የቡናው ለቀማ ጋብ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ በሚመክሩበት በሶንጎው ዛፍ ሥር ቀርቦ ተናገረ። በወጣትነቱ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው የባቡር ሐዲድ ላይ በቀን ሠራተኛነት ሠርቷል። የአንድ ድልድይ እግር በጎርፍ ተበልቶ ስለነበር፣ እስኪጠገን ድረስ ሐዲዱን በእንጨት ደግፈው ባቡሩን አሳልፈዋል። እሱ የነበረው መሠረቱን ከሚቆፍሩት ጋር ነው። "እንጨቱን ማንም ያቆመዋል። እኔ ሥሩን እንዴት እንደሚያኖሩት አይቻለሁ" አላቸው።

አንድ ሽማግሌ፣ "ይሄ ባቡር የምትለው ምን ያህል ይከብዳል?" ብለው ጠየቁት።

አባቴ አሰበና፣ "የዘንድሮን የአገሩን ቡና በሙሉ ባንድ ጊዜ ጭናችሁ፣ እናንተም ላዩ ላይ ተቀምጣችሁበት" አላቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው "የባቡሩ ድልድይ" ተባለ። በአካባቢያችን ባቡር በዓይኑ ያየ ሰው ግን ከአባቴ በቀር አልነበረም።

ድልድዩ ሦስት እግር ይኑረው ተባለ። የእኛን ዳር እኛ፣ የወዲያውን ዳር እነሱ፣ የመሃሉን በጋራ። የወዲያው ሰው አለቃውን ሲመርጥ አጎቴን መረጠ። እንጨቱም ከእሱ ይዞታ ሊቆረጥ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ አየውና መልሶ ሰካው።

እንዲህ ነበር የሚሠራው። በቡና ጆንያ አሸዋ እየሞላን፣ ደርድረን ውሃውን ወደ አንድ ጎን እንገፋዋለን። የደረቀው ቦታ ይቆፈራል። አባቴ ጎንበስ ብሎ የዲጂኖውን ድምፅ ያዳምጣል፤ ድምፁ ድፍን ከሆነ "ገና ነው"፣ ሲጮህ "ደረስን" ይላል። ከዚያ ወፋፍራም ግንዶች ጫፋቸው እየተጠረበ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ፣ ታቹ ተራርቀው በተጋደሙ ግንዶች የተያያዘ፣ ክዳን የሌለው ትልቅ ሳጥን ይሆናሉ። ሳጥኑ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፣ ቋሚዎቹ ውስጡ ይተከላሉ፣ ከዚያ እስከ አፉ በድንጋይ ይሞላል። ቋሚዎቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም። ከባድ ሸክም ሊያነሳ እግሩን ከፈት አድርጎ እንደቆመ ሰው፣ ከላይ ተቀራርበው ከታች ይራራቃሉ።

የእኔ ሥራ እሳቱ ነበር። ማጠቢያው ላይ ቡና ስለቅም ከርሜ ሥራው ሲያልቅ ወደ ወንዙ ወረድኩ። የቋሚዎቹን እግር አክስዬ፣ ሲበርድ ከሾፌሮች የለመንነውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጨርቅ እቀባለሁ። ፀጉሬ፣ ቀሚሴ፣ የምቆርሰው ቆጮ ሁሉ ያንን ሸተተ። አንዷ ጓደኛዬ፣ "አንቺን የሚያገባሽ ሰው ምስጥ አያስቸግረውም" አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ጭሱ በወንዙ ላይ ዝቅ ብሎ ይተኛና ፀሐይ በእንሰቱ መካከል ስትገባ ሰማያዊ ይሆናል። የመጥረቢያው ድምፅ ከወዲያ ማዶ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ሰው እየሠራ ይዘፍናል፤ ከወዲያ ያሉት መዝሙር ይጀምሩና ከወዲህ ያሉት ይቀበሏቸዋል። ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

ሌላም ሥራ ነበረኝ፣ ማንም ያልሾመኝ። ሁለቱ አለቆች ስለማይነጋገሩ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልኩ ቃል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። የየዳሩ እግር እስኪቆም ነገሩ ቀላል ነበር። "አጎትሽን ስንት ግንድ እንደቀረው ጠይቂው።" "ለአባትሽ ነገ ይደርሳል በይው።" ችግሩ የመጣው የመሃሉን እግር ልንጀምር ስንል ነው።

ወንዙ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር አለት አለ። አጎቴ ጠራኝና፣ "ያቺ ጥቁሯ ድንጋይ፣ አባቴም ያውቃታል፣ አያቴም ያውቃታል፣ አትንቀሳቀስም። እግሩ በእሷ ላይ ይቁም በይው" አለኝ።

ተሻግሬ ለአባቴ ነገርኩት። "አለት ላይ የቆመ እንጨት ይንሸራተታል። እግር መሬት ካልገባ እግር አይሆንም። ከአለቱ ፊት እንቆፍር በይው" አለ።

ተመልሼ ነገርኩት። አጎቴ ተቆጣ። "ከፊት? ጎርፍ ግንድ ይዛ ትመጣለች፣ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ይሄን ወንዝ የማውቀው እኔ ነኝ በይው።"

እንዲህ ስመላለስ ዋልኩ። ሥራው ቆመ፤ ሰዉ በሁለቱም ዳር ተቀምጦ እኔን ያያል። በመጨረሻ ደክሞኝ ጥቁሩ አለት ላይ ተቀመጥኩ። ከአለቱ በታች በኩል ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ልጅ ሆነን ልብስ ስናጥብ ሳሙናችንን የምናስቀምጠው እዚያ ነበር፤ ውሃው አይወስደውም። ተነስቼ ወደ አባቴ ሄድኩና፣ "አጎቴ ከአለቱ ጀርባ ቢቆፈርስ ይላል። ግንድ ቢመጣ የሚመታው አለቱን ነው" አልኩት።

አባቴ አለቱን አየ። "አጎትሽ ነው እንዲህ ያለው?"

"አዎ።"

"ቀላል ሰው አይደለም" አለ።

ከዚያ ወደ አጎቴ ተሻገርኩ። "አባቴ አለቱስ ጥሩ ነው ይላል። ግን ከጀርባዋ ብንቆፍር እሷ ትጠብቀዋለች ይላል።"

አጎቴ በወንዙ ላይ አሻግሮ አባቴን ተመለከተው። እንደዚያ ረጅም ጊዜ ሲያየው አይቼ አላውቅም። "ሰውዬው ነገር ይሰማል" አለና ዲጂኖውን አነሳ። ሐሳቡ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን አንቺም አወቅሽ።

ጉድጓዱን ከሁለቱም ዳር የመጡ ሰዎች ቆፈሩት። ሳጥኑ ወረደ፣ ቋሚዎቹ ቆሙ። ድንጋዩ ገና ጉልበት ድረስ እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከላይ ከደጋው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ ብርሃኑ ብቻ ቢጫ ሆነ። ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ቀጥሎ የወንዙ ድምፅ ወፈረ።

አባቴ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ድንጋይ ይደረድር ነበር። ውሃው ሲመጣ የጆንያዎቹ ግድብ በአንድ በኩል ተናደ። እንጨት ይንሳፈፋል አይደል? ሳጥኑ ከመሬት ሲላቀቅ በዓይኔ አየሁት፤ ከወር በላይ የለፋንበት ነገር እንደ ጀልባ ተነሳ። ሰዉ "ውጣ! ውጣ!" እያለ ጮኸ። አባቴ አልወጣም። የአንዱን ማዕዘን ቋሚ አቅፎ በክብደቱ ተጫነው። ግን አንድ ማዕዘን ሲጫን ሌላው ይነሳል።

አጎቴ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። የእንሰት ቃጫ ገመዱን ጫፍ ይዞ ከወዲያ ዳር ዘሎ ገባና ትይዩውን ማዕዘን ተጫነ። ከዚያ እኔ ሳልኖርበት፣ ማንም ሳያመላልሰው፣ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ገመዱን ቋሚው ላይ እሰረው።"

"አሰርኩ።"

"እግርህን ተጠንቀቅ፣ ከታች ባዶ ነው።"

"አንተም።"

ድንጋይ አምጡ ያለው ማን እንደነበር አላስታውስም። ከሁለቱም ዳር ተሰልፈን ከእጅ ወደ እጅ ድንጋይ ማሳለፍ ጀመርን። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ጸሎት ቤት ይሄድ የነበረው፣ ከገበያ የሚመለሰው። እናቴ ከእኔ ቀጥሎ ቆማ ነበር። ድንጋዩን ተቀብላ ትሰጣለች፣ ዓይኗ ግን ከሁለቱ ላይ አይነሳም። ውሃው እስከ ደረታቸው ደርሶ ነበር። ድንጋዩ ሲከብድ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ወረደ። መሬቱን ሲነካ ከሥር ድፍን ያለ ድምፅ ወጣ፤ ጆሮዬ ሳይሆን የእግሬ መዳፍ ነው የሰማው። ጎርፉ ትንሽ ነበር፤ ከቆይታ በኋላ ጎደለ።

ሁለቱ ሰዎች እየተንቀጠቀጡ ወጥተው እኔ ካነደድኩት እሳት ዳር ተቀመጡ። እናቴ ያመጣችው አንድ ጋቢ ብቻ ነበር። ማንን ቀድማ ታልብስ? ትንሽ ቆማ አሰበችና ዘርግታ ሁለቱንም ባንድ ላይ ጠቀለለቻቸው። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። እንደዚያው ሆነው እሳቱን አዩ።

በማግሥቱ ጠዋት አጎቴ መጥቶ አባቴ አጠገብ ቆመና፣ ወደ እኔ ዞሮ "ለአባትሽ ንገሪው…" ብሎ ጀመረ። ልማድ ክፉ ነው። አባቴ አቀርቅሮ ፈገግ ሲል አየሁት። "እዚሁ ነኝ፣ ለራሴ ንገረኝ" አለው። አጎቴ አፈረ፤ ጢሙን አሻሸ። "አይ፣ እንዴት አደርክ ልልህ ነው" አለ።

ድልድዩ ያለቀው በሚያዝያ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ነው። መጀመሪያ እናቴ ትሻገር ተባለ። ጫማዋን አውልቃ ያዘችና ሳንቃው ላይ ወጣች። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። አባቴ የፈራች መስሎት "አይዞሽ፣ ወደ ታች አትዪ" አላት።

"ልየው እንጂ" አለች። "ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም።"

ሁላችንም ጠበቅናት። አይታ ስትጨርስ ሄደች። ከወዲያ አያቴን በወንበር አውጥተዋት ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ አጎቴ ወደ እኛ ዞሮ አባቴን በእጁ ጠራው። አባቴ ኮቱን አራገፈ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ተሻገረ። በዚያ ቀን ማዶ የበላነው ቆጮና ጎመን ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ዛሬ እዚያ ብትሄጂ ከታች በኩል መኪና የሚያሳልፍ የኮንክሪት ድልድይ ተሠርቷል፤ ጥሩ ድልድይ ነው፣ እኔም በእሱ ነው የማልፈው። የእኛ ሳንቃዎች የሉም። ከጥቁሩ አለት ጀርባ ግን ሳጥኑ ከነድንጋዩ አለ፤ ሣር በቅሎበታል፣ ልጃገረዶች የታጠበ ልብስ ያሰጡበታል። አባቴ ካረፈ ቆየ። አጎቴ አርጅቷል፤ ጆሮው ከብዷል።

ድልድዩ በተሠራበት ዓመት ክረምት እናቴ ወንዝ ዳር አልጮኸችም። በየጠዋቱ ሳንቃው ላይ ስትሄድ እግሯ ይሰማኛል፤ ማታ ትመለሳለች። ስትመለስ "ፀጉሯን አበጠርኳት" ትላለች፤ "ዛሬ ስለ ልጅነቷ አጫወተችኝ" ትላለች። ነሐሴ ላይ አያቴ እናቴ እጇን ይዛት ሳለ አረፈች።

ቀባሪው ከሁለቱም ዳር መጣ። የመቃብሩ ቦታ በእኛ በኩል ስለሆነ ቃሬዛው ድልድዩን መሻገር ነበረበት። ወንዙ እስከ አፉ ሞልቷል። ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ላዩ ላይ ወጥቶበት አያውቅም። ሊያነሱ ሲሉ አጎቴ የለም። "የሟች ልጅ የት ሄደ?" ተባለ። ልፈልገው ወጣሁ፤ ልቤ ነገረኝና ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረድኩ።

በወዲያው ዳር እግር ሥር፣ ጭቃው ውስጥ፣ አባቴና አጎቴ ቆመው የመሃሉን እግር ያያሉ። እያንዳንዳቸው መዳፋቸውን በአጠገባቸው ባለው ቋሚ ላይ አድርገዋል።

"ውጣ እንጂ" ይለዋል አባቴ። "እናትህ ልትሄድ ነው። እግሩን እኔ አየዋለሁ።"

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። "ከዚህ ሆኜ ልሸኛት" አለ።

ከላይ መዝሙሩ ተጀመረ። ሰዎቹ ቃሬዛውን ይዘው ሳንቃው ላይ ወጡ፤ ዝናብ ያካፋል፣ ውሃው ያጓራል፣ የሰዉ እግር ከጭንቅላታችን በላይ ያልፋል። እኔም በአባቴና በአጎቴ መሃል ገብቼ መዳፌን እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ። ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ረጋ፤ አያቴ ተሻግራ ነበር።